ጎማዬ ቀድሞኝ የሄደ ዕለት

ፍቅርና ትዳር በሚመከርበት ገጽ ላይ የመኪና ወሬ ይዤ በመምጣቴ አትታዘቡኝ። የሌላው ሰው ፍቅር የሚናጋው በሌላ ሴት ወይም በመጠጥ ነው። የኔ ግን በአራት ቸርኬ ነው ሊፈርስ የነበረው! ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ዛሬ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን …

በ2009 ዓ.ም. ከአንድ ድርጅት ጨረታ ላይ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛሁ። ያቺ ረጅሟ፣ ከኋላ ሁለት መዝጊያ ያላት፣ “ሰባ ስምንት” የሚሏት። ሞተሯ “ዋን ኤች ዜድ” ነው፦ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ሐሳቤ ቱሪስት ይዤ ወደ ደቡብ ኦሞ መመላለስ ነበር። ከዋጋው ሲሶውን የሰጠችኝ እጮኛዬ ናት፤ ለኮንዶሚኒየም የምትቆጥበውን አቋርጣ። “ለቤታችን ብዬ ያስቀመጥኩት ነው፤ ለቤታችን መልሰህ ታመጣዋለህ” አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

መኪናዋ ግን ለዓይን አትሞላም። ነጭ፣ ቀጭን የብረት ቸርኬ፣ ጠባብ ጎማ። የሰፈር ልጆች “አምቡላንሷ መጣች!” እያሉ ይፎግሩኛል። እናንተዬ፣ ወጣትነት ክፉ ነው! ፉገራው አላስተኛኝ አለ። አንድ ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ወረድኩና ከአንድ ሱቅ ፊት ተገተርኩ። የሚያብረቀርቅ አሎይ ቸርኬ፣ ከፓራፋንጎው ውጪ ወጣ ብሎ የሚቆም፤ 33 ኢንች ጎማ፤ ከፍ የሚያደርግ ባሌስትራ፤ ቁመቷን ሙሉ የሚሸፍን ፖርቶመጋላ። ባለሱቁ ምላሱ ማር ነው። “ይኼ ኦፍሮድ ነው፣ ሄቪ ዲዩቲ ነው። ከፋብሪካው ዕቃ ይበልጣል፤ እኔ ልሙት!” አለኝ።

ገንዘቡ አልነበረኝም። እጮኛዬ ጋ ተመለስኩና “ሞተሩ እድሳት ይፈልጋል” አልኳት። ውሸት! ሞተሩ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው። ሰጠችኝ።

መኪናዋን አሳምሬ እነሱ ቤት ደጃፍ ሳቆም አባቷ ወጡ። ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በቆላና በደጋ የፈጁ። ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

“አንተ ልጅ፣ እግሯን ምነው አንጋደድክባት?”

“ጋሼ፣ ሄቪ ዲዩቲ እኮ ነው።”

“የትኛው ነው ሄቪው? ቸርኬው ነው ወይስ ኩሽኔታው?”

በሆዴ “የድሮ ሰው!” ብዬ ሳቅኩ።

ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አራት ቱሪስቶች ጭኜ፣ ታናሽ ወንድሜን ለረዳትነት አስከትዬ ወጣሁ። ፖርቶመጋላው ላይ ስድስት ጀሪካን ናፍጣ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ድንኳንና ሻንጣ። አርባ ምንጭን አለፍን፣ ኮንሶን አለፍን። ከወይጦ ወደ ቱርሚ ስንታጠፍ ያ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ጠጠር መንገድ ተቀበለን። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፤ እኔ ደግሞ ቆርቆሮ መንገድ በፍጥነት ሲታለፍ ይለሰልሳል ብዬ እረግጣለሁ። የፍጥነት ቆጣሪው ከምሄደው አሳንሶ እንደሚነግረኝም አላወቅሁም። ጎማ ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይረዝማል፤ ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው በድሮው ጎማ ሒሳብ ነው።

ከኋላ በግራ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። “ጠጠር ነው” አልኩ። ወዲያው መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዝቅ አለች፤ የጎማው ታምቡር መሬቱን እያረሰ ብልጭታ ይረጫል። ቀና ስል አንድ ጎማ በግራዬ አልፎኝ፣ ብቻውን እየነጠረ ወደ ቁጥቋጦው ይሸመጥጣል። እንደ ሞኝ “የማነው ጎማ?” ብያለሁ። የኔ ነበር!

መኪናዋ ተሽከርክራ ቆመች እንጂ አልተገለበጠችም። የላይኛው ጭነት ትንሽ ከብዶ ቢሆን ኖሮ ይኼን ጽሑፍ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ቱሪስቶቹ በድንጋጤ አመድ መሰሉ እንጂ ደህና ናቸው። ወንድሜ ግን ክንዱ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። ጂንካ እስኪደርስ “ጋሼ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት” እያለ ነበር። እኔን ሊያድን!

መኪናዋ ተጎትታ አዲስ አበባ ስትገባ ጋራዥ ድረስ የመጡት የእጮኛዬ አባት ናቸው። አንድም የስድብ ቃል አልተናገሩም። የቀሩትን ሦስት ቸርኬዎች አስፈትተው፣ አንድ ዳዶ በአንድ እጃቸው፣ አንዱን ቸርኬ በሌላው ይዘው አሳዩኝ። የኔ ዳዶዎች የድሮው የብረት ቸርኬ ናቸው፤ አፋቸው ሾጣጣ ነው። የአሎዩ ቀዳዳ ደግሞ የተሠራው ጠፍጣፋ ሮንዴላ ላለው ዳዶ ነው። ስለዚህ ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ በጠርዙ ብቻ ነው የነከሰው። ያ ቆርቆሮ መንገድ ሲንጠው ላላ፤ ሲላላ ቡሎኖቹ ብቻቸውን ጭነቱን ተሸከሙ፤ አንድ በአንድ ተቀነጠሱ። ቸርኬው ወደ ውጪ የወጣ መሆኑም ቡሎኑንና ኩሽኔታውን እንደ ረጅም ዱላ ይወዘውዛቸዋል። በዚያ ላይ አዲስ ቸርኬ ከገጠሙ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደገና ማጥበቅ ደንብ ነው። ባለሱቁ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ያን ሰሞን ነው “ሄቪ ዲዩቲ” የሚባለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ቶዮታ የ70 ተከታታዩን እ.ኤ.አ. በ1984 ሲያወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ቀለል ያለ ወንድም ሠራለት። ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው። ከሥር ግን ከባዱ ባሌስትራ አለው፣ ቀላሉ ሞላ፤ የከባዱ ዲፈረንሻል ትልቅ ነው፣ የቀላሉ ትንሽ፤ ሞተሩም ለየቅል። ያ ቀላሉ ነው ኋላ ፕራዶ የሆነው። ልብ በሉ፦ ፋብሪካው አንዱን ከባድ ሲያደርግ አንድ ዕቃ ብቻ አላወፈረም። ባሌስትራው ሲወፍር ባሌስትራውን የያዘው ብረት፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ አብረው ወፈሩ። እኔ ግን አንዱን ቀለበት አወፈርኩና ሰንሰለቱ በሚቀጥለው ቀለበት ተበጠሰ። በሩ ላይ የተለጠፈችው የክብደት ልክም በባሌስትራ አትለወጥም። ባሌስትራው ስላልሰመጠ መኪናው አልከበደውም ማለት አይደለም፤ እንዳይታይህ ተደበቀ ማለት ነው።

የጣሪያውን ነገር እንኳ አስቡት። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ ከነብረቱ ወደ 21 ኪሎ ይጠጋል፤ ስድስቱ 125 ኪሎ ናቸው፤ ውሃው ሲጨመር ከ160 ያልፋል። ያ ሁሉ የሚያርፈው በቀጭኗ የጣሪያ ጠርዝ ላይ ነው። ጋራዥ ሲታይ ጠርዙ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ። ያቺን መኪና ግን ፋብሪካው ሁለት ባለ 90 ሊትር ታንከር አድርጎም ያወጣታል፤ 180 ሊትር፣ ከወለል በታች፣ ሚዛኗን ሳይነካ። የእርዳታ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን አስቀድመው አዝዘው የሚያስመጡት ለቅንጦት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ፋብሪካውን አምላኪ አታድርጉኝ። ያን ዓይነት መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ሾኩ ይግላል፣ ውስጡ ያለው ዘይት አረፋ ይሆናል፣ ከዚያ ሾክ የለህም ማለት ነው። በዚህ በኩል ከውጪ የሚመጣው ጥሩ ዕቃ የፋብሪካውን ያስንቃል። አውስትራሊያኖቹ አገራቸው ሁሉ ቆርቆሮ መንገድ ነውና ይኼን ሥራ ከኛ በፊት ተምረውታል፤ ኤአርቢ የሚባለው ኩባንያቸው እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዚሁ ላይ ነው። እኔም ዛሬ የገጠምኩት የውጪ ሾክ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ሲሸጡልህ መጀመሪያ “ምን ያህል ኪሎ ትጭናለህ?” ብለው ነው የሚጠይቁት፤ ባሌስትራና ሾክም በአንድ ተዛምዶ ይሰጥሃል። የኔ ባለሱቅ የጠየቀኝ “ስንት ይዘሃል?” ብሎ ነው። ልዩነቱ እሱ ነው።

ጎማ የሚያስሩትን፣ መሪንና ፍሬንን ግን ከፋብሪካው ውጪ አልነካም። ጓደኞቼ ፈሪ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ካርቶኑ ላይ “ኦሪጅናል” ተብሎ መጻፉም አያሞኛችሁ። ካርቶን ርካሽ ነው።

እጮኛዬስ? ጎማው መውለቁን ስነግራት አለቀሰች፤ የወንድሜን ክንድ ስታይ አለቀሰች። የሞተር እድሳት እንዳልነበረ ስነግራት ግን አላለቀሰችም። “ብትለምነኝ ለቸርኬም እሰጥህ ነበር” አለችኝና ለሁለት ወር ስልኬን አላነሳችም። በአባቷ በኩል ሽማግሌ ላክሁ። አባቷም “መጀመሪያ የብረቱን ቸርኬ ይመልስ፤ ከዚያ እናያለን” አሉ።

መለስኩ። ዕዳዬን በአሥራ አራት ወር ከፈልኩ፤ ቁጠባዋንም ቀጠለች። ጥር 2012 ዓ.ም. ተጋባን። ኮሮና ቱሪስቱን ሊያስቀርብኝ ሁለት ወር ሲቀረው!

ከሦስቱ የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች ሁለቱን በብረት ዋጋ ሸጥኳቸው። አንዱ አማቴ ጓሮ አለ፤ ጋሼ አፈር ሞልተው ጤና አዳም ተክለውበታል። ቡና በተፈላ ቁጥር ሂድና ቅጠፍ የምባለው እኔ ነኝ።