ስድስት ፈረስ በአንድ ገመድ

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ስለ ውርርድ ነው። «መምህራኑን ደግሞ ምን አገባቸው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገባን ነገሩ ሒሳብ ስለሆነ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ እንጀራችን ነው። በዚያ ላይ የተማሪዎቻችንን ደብተር ገልብጠን ስናይ የኋላው ገጽ ላይ የምናገኘው የቤት ሥራ ሳይሆን የአርሴና የማንቼ ስም፣ ከጎኑም የተደረደረ ቁጥር ሆኗል።

በቅርቡ አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው እንዲህ አሉን፦ «መምህር፣ ይኼ ልጅ ሒሳብ አይገባውም ብላችሁኝ ነበር። ይኸው ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ ሲያባዛ ነው የሚያድረው። ማሽላው ግን ከጆንያው እየጎደለ ነው።» እኛም ከእሳቸው ቃል በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ቁጭ አልን። ያየነውንም እንዲህ ጽፈነዋል።

ብዙዎቻችን ውርርድ ማለት ኳስ ይመስለናል። ሥሩ ግን ፈረስ ነው። ልጆቹ በስልካቸው ላይ «ሃንዲካፕ» የሚል ቃል ያያሉ። ጠንካራው ቡድን ገና ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ጎል ይቀነስበታል ማለት ነው። ቃሉ ወደ ስፖርት የገባው ከእንግሊዝ የፈረስ እሽቅድድም ነው። ነገሩ እንዳይከብዳችሁ እዚሁ በምናውቀው እንመስለው። ከውኃ መቅጃው እስከ ገበያው ሁለት አህዮች ይሽቀዳደሙ እንበል። አንደኛዋ ሁልጊዜ የምትቀድም ከሆነች የሚወራረድ ሰው አይገኝም፤ ውጤቱ ታውቋላ! አሁን በጠንካራዋ ላይ አንድ ሙሉ ጀሪካን ጫኑባት፤ 20 ሊትር ውኃ፣ 20 ኪሎ መሆኑ ነው። ያኔ «የለም ትቀድማለች»፣ «ኧረ አትቀድምም» የሚለው ክርክር ይጀመራል። ሃንዲካፕ ማለት ይኸው ነው።

በእንግሊዝ በ19ኛው መቶ ዘመን አድሚራል ሩስ የሚባል የባሕር ኃይል ሰው ፈረሶች እንደ ዕድሜያቸው ምን ያህል መሸከም እንዳለባቸው ሰንጠረዥ አወጣ። ዛሬም በዚህ ዓይነቱ እሽቅድድም ጎበዙ ፈረስ ከኮርቻው ሥር የብረት እርሳስ ይጨመርበታል። ክብደት መዳቢው በሐሳቡ ሁሉም ፈረሶች እኩል እንዲገቡ ነው የሚለካው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያ ሰው ደመወዝ የሚበላው አሸናፊው በቀላሉ እንዳይታወቅ ለማድረግ ነው። እኛ ለማወቅ ስንደክም ሌላው በሥራ ሰዓቱ እንዳናውቅ ይደክማል ማለት ነው።

እንዲህ ስንል ግን ፈረስን ማወቅ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ፈረስ ማወቅ የአገራችን ሙያ ነው። አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። በአዊ ዞን የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ተሰብስበው ጉግሱንና ሽቅድድሙን ያሳያሉ፤ በዓሉ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች የሚያስታውስ ነው። አዲስ አበባ ጃን ሜዳም ዛሬ የጥምቀትና የአገር አቋራጭ ሩጫ ሜዳ ብለን የምናውቀው፣ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የፈረስ እሽቅድድም ይካሄድበት ነበር።

በመካከላችንም ፈረስ የሚያውቁ አባቶች አሉ። ዳማውን፣ ጉራቹን፣ ቡላውን፣ አምባላዩን ለይተው ያወራሉ። አንድ አባትን «የትኛው እንደሚቀድም በምን ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም «መልኩን አላይም ልጄ። ትናንት ምን በላ፣ ስንት ቀን አረፈ፣ ማን ነው የሚጋልበው፣ መሬቱ ጭቃ ነው ወይስ ደረቅ፣ መንገዱ አጭር ነው ወይስ ረጅም፣ እሱን ነው የምጠይቀው» አሉን። ውድ አንባብያን፣ በዓለም ላይ በፈረስ ውርርድ የሚተዳደሩ አዋቂዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ፈረሱ ባለፉት ጊዜያት ስንተኛ ወጣ? ከእነማን ጋር ሮጦ? በምን ያህል ርቀት? ስንት ኪሎ ተሸክሞ? ልጆቻችንም ስለ ኳስ ሲያወሩ ማን ተጎድቷል፣ ማን በሜዳው ይጫወታል፣ ማን በሦስት ቀን ውስጥ ሁለቴ ተሰልፏል እያሉ ነው። ይህ እውቀት ነው፤ አንንቀውም።

ታዲያ ማሽላው ለምን ጎደለ? ምሥጢሩ ገመዱ ላይ ነው።

ፈረስ በሚሮጥባቸው አገሮች የአንድ ቀን ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር ሩጫ አለው። በአንዱ ሩጫ ላይ ብቻ መወራረድ ይቻላል። የሚያጓጓው ግን ተከታታይ ስድስት ሩጫዎችን በአንድ ትኬት ማሰሩ ነው። ስድስቱንም አሸናፊዎች ያገኘ ብዙ ይበላል፣ አምስት ያገኘ ብዙውን ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያገኝም። በየሩጫው ስምንት ፈረስ ቢኖር ሊሆኑ የሚችሉት ውጤቶች ስምንትን ስድስት ጊዜ ማባዛት ነው፤ 262,144 ይመጣል። በግምት የሚገባ ሰው ከነዚህ አንዱን ይዞ ነው የሚቆመው።

አዋቂው ሌላ መንገድ አለው። እርግጠኛ በሆነበት ሩጫ አንድ ፈረስ ብቻ ይይዛል፣ በተጠራጠረበት ሁለት ሦስት ይጨምራል። ለምሳሌ በሁለት ሩጫ አንድ አንድ፣ በሁለት ሩጫ ሁለት ሁለት፣ በአንዱ ሦስት፣ በአንዱ አራት ቢይዝ፣ 1×1×2×2×3×4 ነውና 48 ትኬት መክፈል አለበት። «ለጥንቃቄ» ብሎ ከነጠላዎቹ በአንዱ ላይ አንድ ፈረስ ቢጨምር 48ቱ 96 ይሆናል። አንድ ፈረስ ጨመረ፣ ወጪው ግን እጥፍ ሆነ። ማባዛት እንዲህ ነው፤ ሲያድግ ድምፅ የለውም።

ሁለተኛው ነገር የአቋማሪው ድርሻ ነው። በ1860ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጆሴፍ ኦሌ የተባለ ሰው ፓሪስ ላይ አንድ ዘዴ አመጣ። የተወራራጁ ገንዘብ ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ አቋማሪው በመጀመሪያ የራሱን ድርሻ ያነሳል፣ የቀረውን ያሸነፉት ይካፈላሉ። እዚያ ድርሻው ከቋቱ የሚነሳው አንድ ጊዜ ነው። ልጆቻችን በስልክ የሚቆርጡት የኳስ ትኬት ግን ይለያል። «ኦድ» የሚሉት ማባዣ ቁጥር በእያንዳንዱ ጨዋታ ትንሽ ትንሽ ተሸርፎ ነው የተጻፈው። ከ100 አምስቱ ቢሸረፍ በአንድ ጨዋታ ምንም አይደለም። ስድስት ጨዋታ ሲታሰር ግን ከ100 ወደ 26 ይደርሳል። አሥር ሲታሰር 40። ትኬቱ በረዘመ ቁጥር የአቋማሪው ጉርሻ ይረዝማል። ረጅም ትኬት እንድንቆርጥ የሚያባብሉን ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

ቃል ብቻ እንዳይሆንብን አራት ወጣቶችን ጠርተን አንድ ደብተር ሰጠናቸው። «እንደ ልማዳችሁ ገምቱ፣ ገንዘብ ግን አይከፈልም፣ ሁሉም እዚህ ይጻፍ» አልናቸው። ሠላሳ ትኬት ሞሉ፣ በእያንዳንዱ ስድስት ጨዋታ፤ በጠቅላላው 180 ግምት። እውነቱን ለመናገር ጎበዞች ናቸው፤ 104ቱን አገኙ። ከግማሽ በላይ ነው። ከሠላሳው ትኬት ስድስቱም የሰመረለት ግን አንድ ብቻ ነበር። አምስት ትኬቶች በአንድ ጨዋታ ወደቁ። ማባዣው በአማካይ 1.6 ነበርና አንዷ የሰመረች ትኬት አሥራ ሰባት እጥፍ ያህል ትመልሳለች። በሌላ አነጋገር ሠላሳ ከፍለው ወደ አሥራ ሰባት ይቀበሉ ነበር። ያንኑ ግምት ሳያስሩ አንድ በአንድ ቢወራረዱስ? 180 ከፍለው 166 ይመለስላቸዋል። ይህም ኪሳራ ነው። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። ሳይታሰር ከመቶው ስምንት ያህል ይጠፋል፣ ሲታሰር ከአርባ በላይ። እውቀታቸው ያው ነው። ገመዱ ነው የበላው።

ከልጆቹ አንዱ ሒሳቡን አይቶ ዝም አለና «መምህር፣ እነዚያ በአንድ የወደቁት አምስቱ ግን ያስቆጫሉ» አለን። በሽታው ያለው እዚህ ላይ ነው ወዳጆቻችን። ኳስ በሚታይበት ራኩባ ሥር የሚወራው ስለነዚያ አምስቱ ነው። «አንዷ ጨዋታ ባትበላኝ ኖሮ!» ይባላል። ስለ ሃያ አራቱ ማንም አያወራም። በአንድ የወደቀ ትኬት ለባለቤቱ ሽንፈት አይመስለውም፣ ደጃፍ የደረሰ ይመስለዋል። ስለዚህም በነጋታው ደግሞ ይቆርጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ ይሏል ይኼ ነው።

ለምን እዚህ፣ ለምን እኛ ዘንድ እንደበረታ ደግሞ እንጠይቅ። ብዙዎቻችን በ2013 ዓ.ም. የለበስነውን ብቻ ይዘን ተከዜን ተሻግረን፣ እዚህ ሰቲት ሲሉት ሰማን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የተጠጋንባት አገር ራሷ ጦርነት ውስጥ ገባች። አረም የሚነቀልበትና ሰሊጥ የሚታጨድበት ወቅት ካልሆነ በስተቀር ሥራ አይገኝም። ወጣቱ «መቼ?» ብሎ የሚጠይቀው ነገር ሁሉ ቀን የለውም። ወደ አገር መመለሱ መቼ ነው? የሌላ አገር ጉዳዩ መቼ ይጠራል? ትምህርቱን መቼ ይጨርሳል? የኳስ ትኬት ግን ቀን አለው፤ ቅዳሜ ማታ መልሱ ይታወቃል። ልጆቻችንን ወደዚያ የሚስባቸው ስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ መልስ የማግኘት ጥማትም አለበት። ይህን ሳንረዳ ብንሰድባቸው ተደብቀው ይቆርጣሉ እንጂ አይተዉም።

አደጋውን ግን አንሸፋፍነውም። የሱዳን የወንጀል ሕግ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1991) ቁማርን ይከለክላል። ወረቀቱ ያልተሟላ ስደተኛ በዚህ ቢያዝ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። አንዳንዶች ገንዘቡን አገር ቤት ላለ ሰው ልከው እሱ ይቆርጥላቸዋል። ቢበላ «ተበላ» ይላል፤ ቢሰምርና ቢክድስ ማን ዘንድ ይከሰሳል? ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። በሕጉ መሠረት ቢከፈል እንኳን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ከ1000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚወራረዱበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ነው። የቤተሰብ ማሽላ ተሽጦ ነው፤ የታናሽ እህት ሳሙና ተሽጦ ነው። ሀብታም ሲበላ ከትርፉ ይጎድላል። ከእኛ የሚጎድለው ከምሳችን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዝም ብለን «ተዉ» ማለት ስለማይበቃ ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የቅዳሜን ግምት ያለ ገንዘብ እናድርገው። ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ እንሰቅላለን። የፈለገ ሁሉ ግምቱን ጨዋታው ሳይጀመር ያስመዘግባል። እያንዳንዱ ግምት ለብቻው ይቆጠራል፤ ያገኘ አንድ ነጥብ ያገኛል። በወሩ መጨረሻ ማን በእውነት ኳስ እንደሚያውቅ በሰሌዳው ይታያል። አፈኛው ሳይሆን አዋቂው ይከበራል።

ሁለተኛ፣ መቁረጡን ያልተወ ወጣት ቢያንስ ደብተር ይያዝ። የከፈለውን በአንድ ረድፍ፣ የተመለሰለትን በሌላው ይጻፍ። የቆረጠውን ሁሉ ይጻፍ፣ ያስቆጨውን ብቻ አይደለም። በወሩ መጨረሻ ራሱ ይደምር። እኛ አንቆጣውም፤ ደብተሩ ይነግረዋል።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ የራሽን ካርዱ በእናት እጅ ይቀመጥ። ማሽላ ሲጎድል ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ አትጩኹ። ልጁን ለብቻው ጠርታችሁ «ስንት ነው ያለብህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ልጅ የሚቆርጠው ዕዳውን ለመመለስ ነውና ዕዳው ሲነገር ግማሹ ሸክም ይወርዳል።

እነዚያ እናት የነገሩን ልጅ አሁን በማባዛት አይታማም። ስድስት ቁጥሮችን ደርድረን ብንሰጠው ወዲያው አባዝቶ ይነግረናል። በሚቀጥለው ሳምንት የክፍልፋይን ትምህርት የምንጀምረው በዚሁ በትኬት ሒሳብ ነው፤ እሱም ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ ነግረነዋል።

አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። እውቀትም እንደዚያ ነው፤ እስከ ደጃፍ ያደርሰናል። ከዚያ በኋላ የምንሠራውን መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው። ፈረሳችሁን እወቁ፣ ቡድናችሁን እወቁ፣ ግን ስድስቱን በአንድ ገመድ አትሰሩ። ገመዱን የሚጎትተው ሌላ ሰው ነውና።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑልን። ሰላሙን ያውርድልን፤ ለአገራችን ያብቃን።