ድንጋዩ ዳነ፤ መንደሩስ?

እኛ የደብረ ብርሃን ሰዎች በሬሳን እንደ ሰፈር ወንዝ ብቻ እናየዋለን። በሬሳ ግን ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። በአንኮበር ገደል ወዲያ ማዶ የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ሲሄድ የእኛው ወደ ግብጽ ይጓዛል። ስለዚህ ከቤተሰባችን ጋር አስዋን ደርሰን የናስርን ሐይቅ ባየን ጊዜ «ከሰፈራችን የመጣ ውኃም አለበት» ብለን ለልጆቻችን ነገርናቸው።

ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጠን አቡ ሲምበል ገባን። ከፊታችን 20 ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው የዳግማዊ ራምሴስ 4 ምስሎች ተቀምጠዋል። ትንሹ ልጃችን «የነቢዩ ሙሳ ፊርዐውን ይህ ነው?» አለን። ቁርኣን ፊርዐውንን በግል ስሙ እንደማይጠራው፣ ትምህርቱም ትዕቢት የት እንደሚያደርስ ማወቅ እንደሆነ አስረዳነው። ወደዚህ የመጣነውም ጣዖት ለማክበር ሳይሆን የቀደሙትን ፍጻሜ ለማስተዋል ነው።

የሚያስገርመው ግን ቤተ መቅደሱ የቆመው በጥንት ስፍራው አለመሆኑ ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ ውኃው እንዳይውጠው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1960 ዓለምን ለእርዳታ ጠራ። ከ1964 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ዐለቱ ከ1,000 በላይ ብሎኮች ሆኖ ተቆረጠና 65 ሜትር ያህል ከፍ፣ 200 ሜትር ያህልም ወደ ኋላ ተደርጎ እንደገና ተገጠመ። የፊላ ቤተ መቅደስም ቆይቶ ወደ አጊልኪያ ደሴት ተዛውሯል።

አስዋን ላይ ያገኘናቸው አንድ የኑቢያ አባት ግን ሌላውን ገጽ ነገሩን። «ያኔ ልጅ ነበርኩ» አሉ፤ «ድንጋዩን አነሱት። የአያቴ መቃብርና የሰፈራችን መስጊድ ግን ከውኃው በታች ቀሩ።» እ.ኤ.አ. በ1963 እና 1964 በግብጽ በኩል ብቻ 50,000 ያህል ኑቢያውያን ከመንደራቸው ተነስተው ወደ ኮም ኦምቦ አካባቢ ተወስደዋል። ለንጉሥ ምስል ዓለም ሲተባበር ለድሃው ሰው ቀየ ያን ያህል የጮኸለት አልነበረም።

ይህን ስንሰማ ሐሳባችን ወደ አገራችን ዞረ። ከአንኮበር ባሻገር፣ ከደጋው ቁልቁል በይፋት ምድር፣ አስበሪ፣ ኖራና መሳል የተባሉ የጥንት የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾች አሉ፤ በድንጋይ የተካቡ መስጊዶቻቸውና መቃብሮቻቸው ዛሬም ይታያሉ። ይፋት እኮ የወላስማ ሱልጣኖች መቀመጫ ነበረች! ስለ እነዚህ ከተሞች የውጭ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናት አሳትመዋል። ከእኛ ልጆች ስማቸውን የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?

እነዚህን የሚውጥ ግድብ የለም። ነገር ግን አንዱ ለአጥሩ አንድ ድንጋይ፣ ሌላው ለግንቡ ሁለት ቢያነሳ ያለ ጎርፍም ይጠፋሉ። እነሱን ለማዳን ክሬንም ሚሊዮን ገንዘብም አያሻም። ድንጋዩን ከቦታው አለማንሳት፣ ሲነሳም ካየን ለወረዳው ማሳወቅ፣ ሽማግሌዎቻችንን ጠይቀን የሚያውቁትን መጻፍ፣ ልጆቻችንንም ወስደን ማሳየት ይበቃል። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ እንጀምር።