የምላስ ፍርድ

ሰው በዕድሜው ከሚፈርደው ፍርድ ሁሉ ምስክር ሳይሰማ፥ ቀጠሮም ሳይሰጥ የሚፈርደው በምላሱ ነው። ምላስ አንድ ጊዜ «ተበላሽቷል» ካለች ይግባኝ የለም። በእኛ ዘንድ ግን ለአንዱ ነገር ሁለት ሕግ ተሠርቶለታል። እንጀራው ሳይኮመጥጥ ቢቀርብ «ሊጡ ሳይደርስ ተጋገረ» እንላለን፤ ጠላው ቢኮመጥጥ ደግሞ ባለሙያዋን እናማለን። ኮምጣጣነት በመሶቡ ላይ ሙያ፥ በጋኑ ውስጥ ነውር ሆኖ ይኖራል።

ይህን እንድናስብ ያደረገን፥ ለሥራ ወደ ብራስልስ ሄዶ የነበረ አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛችን ያመጣው ማንጎ የተጨመረበት ቢራ ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት የበሰለ ማንጎ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ወደ አፍ ሲገባ ግን ጣፋጭነት ከቶ የለውም፤ እንደ ሎሚ ፊትን ያኮማትራል፤ ኋላም የአሮጌ እንጨትና የቆዳ ጠረን በጉሮሮ ይቀራል። ከነበርነው አራት ሰዎች ሁለቱ ብርጭቆአቸውን ወዲያው አስቀመጡ፤ አንዱም «በመንገድ ፀሐይ መትቶት ይሆናል» አለ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በብራስልስና በአካባቢዋ ላምቢክ የሚባል ቢራ ይጠመቃል። ጠማቂዎቹ ከገብስ ብቅልና ካልበቀለ ስንዴ አፍልተው ያወጡትን ጭማቂ፥ በቀዝቃዛዎቹ ወራት፥ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ገንዳ አፍስሰው ሌሊቱን ክፍት ይተዉታል። እርሾ አይጨምሩበትም፤ በአየሩና በቤቱ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ራሳቸው ገብተው ያብላሉታል። ከዚያም በእንጨት በርሜል ከ1 እስከ 3 ዓመት ይቈያል። ፍሬ ቢጨመርበት እርሾው የፍሬውን ስኳር ይበላዋል፤ ለአፍንጫችን የተሰጠውን ተስፋ ምላሳችን ያጣችው ስለዚህ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ንጹሕ የእርሾ ዘር ለይቶ ካራባ ወዲህ፥ አብዛኛው የዓለም ቢራ በተመረጠ እርሾ ሲጠመቅ፥ ላምቢክ ግን የጥንቱን መንገድ አልለቀቀም።

የቀረውን ይዘን ሄደን ለአክስታችን አቀመስናቸው። እሳቸው ለማኅበርና ለሠርግ ጠላ ሲጠምቁ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴት ናቸው። አስቀድመው አሸተቱ፤ ቀጥለው ጥቂት ቀምሰው ዝም አሉ።

«ተበላሽቶ ይሆን እትዬ?» አልናቸው።

«አልተበላሸም ልጄ። አኮማጠጡ እንደ እርጎ ነው እንጂ እንደ አቼቶ አይደለም። አየር አላገኘውም፤ አፉን አጥብቀው መርገውታል» አሉ።

ሳይንስም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ወተትን እርጎ የሚያደርገው አሲድ ሌላ፥ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው አሲድ ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አየር ይሻሉ። አክስታችን ግን ቤተ ሙከራ አላዩም። ዕውቀታቸው ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ሲያጥኑ፥ ጌሾውን ከብቅሉ ጋር ሲጠነስሱ፥ እንኩሮውን ጨምረው ሲደፈድፉ የተገኘ ነው። የእሳቸውም ጠላ የሚፈላው ከጌሾውና ከዕቃው በሚገኝ እርሾ ስለሆነ፥ ከሩቅ አገር የመጣውን ጠርሙስ እንደ ሥጋ ዘመድ ለዩት።

«ይህን ሙያ ለማን አስተማሩት?» ብንላቸው፥ ጥቂት ቈይተው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ባለ ሥራ ናቸው፤ ለድግስም ቢራ በሳጥን ይገዛል፤ ጋኖቹ በጓሮ ተደፍተው ዝናብ ይመታቸዋል። ልጆቹን አንወቅስም። ጠላ መጥመቅ ወገብ የሚቈርጥ፥ ጢሱም ዐይን የሚያቃጥል ሥራ ነውና እናት ለልጅዋ የምትመኘው አይደለም። ድካሙ ቢቀር አይቈጭም፤ ዕውቀቱ አብሮት መቀበሩ ግን ያስቈጫል። በብራስልስ በ1900 የተቋቋመው የካንቲዮን ጠመቃ ቤት ቢራውን እየጠመቀ ከ1978 ጀምሮ ሙዚየምም ሆኖ እንግዳ ይቀበላል። የእኛ ሙዚየም ያለው በአሮጊቶች እጅ ነው፤ በሩም ቀን በቀን ይዘጋል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዘን እሳቸው ዘንድ እንሄዳለን። «ጌሾው ስንት ነው?» ስንላቸው «እስኪበቃው» ይሉናል። «እስኪበቃው» ደግሞ በደብተር አይጻፍም። ስለዚህ ለሚመጣው በዓል አንድ ትንሽ ጋን አብረን ልንጠነስስ ተስማምተናል፤ እጃቸው የዘገነውን ሁሉ፥ ጋኑ ውስጥ ከመግባቱ አስቀድሞ፥ በሚዛን ላይ እናሳርፈዋለን። አንባቢም በየቤቱ እንዲህ ያለች አንዲት እጅ አታጣውምና፥ ሳትዛል ይጠይቃት።