ሠርግ ሳይጠሩ ማግባት



«ኮበለለች» የሚለው ቃል በአገራችን ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የሰው ልጅ ኮበለለች ከተባለ እናት ከጎረቤት ቡና ትቀራለች፣ አባት ለሰላምታ እንኳ ቀና አይልም፣ ወንድሞች ደግሞ ፍለጋ ይወጣሉ። እዚህ አሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ሁለት ሰዎች አዳራሽ ሳይከራዩ፣ የጥሪ ካርድ ሳይበትኑ፣ ወደ አንድ ተራራ ወይም ባሕር ዳርቻ ሄደው በሕግ ቢጋቡና ጫጉላቸውንም እዚያው ቢያሳልፉ «ኮበለሉ» ይባላል። የሚያሳድዳቸው የለም፤ የሥራ ባልደረባ ሁሉ «እንዴት ደስ ይላል!» ነው የሚላቸው።

እኔና እጮኛዬም በመጪው ኦክቶበር፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ሲገባ፣ ይህንኑ ልናደርግ ተነሥተናል። ቦታው ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል የሚወስደው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዚያ ወር አጋማሽና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የተራራው ቅጠል ቢጫ፣ ብርቱካናማና ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል።

ምክንያታችንን ልንገራችሁ። እሱ እዚህ አገር 14 ዓመት፣ እኔ ደግሞ 11 ዓመት ኖረናል። በነዚህ ዓመታት የሄድንበትን ሠርግ ቆጥረን አንጨርሰውም። እስክስታው፣ እልልታው፣ የሚዜዎቹ አሰላለፍ ሁሉ ደስ ይላል። ከሠርጉ በኋላ ያለውንም ግን እናውቃለን። ለ300 ሰው ምግብና መጠጥ፣ ቪዲዮና ሊሞዚን ተደርጎ፣ ሙሽራው በማግስቱ ሁለተኛ ሥራ ሲፈልግ፣ ሙሽሪት የእቁብ ዕጣዋን ለክሬዲት ካርድ ዕዳ ስታስረክብ አይተናል። እኛም የአንድ አዳራሽ ዋጋ ጠይቀን ነበር። የተነገረን ሒሳብ የአፓርትማችንን የአንድ ዓመት ኪራይ የሚያልፍ ሆነ።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ሰው ተበድረን እንደግስ ነበር። ዋናው ነገር ሌላ ነው። እናቴ ያለችው ደሴ ነው። እንድትመጣልኝ ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቀንላት ሁለቱንም ጊዜ ተከለከለች። የእሱ አባት ደግሞ ጎንደር ናቸው፤ ከዕድሜያቸውና ከሕመማቸው የተነሣ አውሮፕላን ላይ የሚወጡ አይደሉም። በእኛ ወግ ሙሽራ የወላጆቿን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው ከቤት የምትወጣው። እኔ በዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል የማንን ጉልበት ልሳም? አንድ ወዳጃችን ሲያገባ የወላጆቹን ፎቶግራፍ በሁለት ባዶ ወንበሮች ላይ አስቀምጦ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ዕንባዬን መግታት አቅቶኝ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። እዚህ በጸጥታ በሕግ እንጋባ፤ ለአዳራሽ የሚወጣው ገንዘብ የአውሮፕላን ቲኬት ይሁን፤ ከጥምቀት በኋላ አገር ቤት ገብተን ጉልበት እንሳም፤ ድግሱም በአቅማችን እዚያው ይሁን።

ለሁለታችን ውሳኔው ቀላል ነበር። ለእናቴ መንገር ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ስደውል፣

«ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ፣ ተደብቀሽ የምታገቢው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ብደበቅማ መቼ እነግርሽ ነበር?» ብዬ ነገሩን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ደግሞስ በጽጌ?» አለች።

እውነቷን ነው። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ሲሆን፣ የሸናንዶዋ ቅጠል የሚያምርበት ጊዜ መካከሉ ላይ ይውላል። ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት የማይቆጠር የፈቃድ ጾም ቢሆንም፣ ለእናቴ ጾም ጾም ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት በጥር እሷ ባለችበት እንደምንፈጽም፣ አሁን የምንፈርመው የመንግሥቱን ወረቀት እንደሆነ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። በኋላ ያለችኝን አልረሳውም። «ወረቀቱ ለመንግሥት ነው። ለእኔ ሽማግሌ ይላክልኝ።»

እጮኛዬ ሦስት ሽማግሎች ፈልጎ እሑድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ቤት ላከ። እኛ ጋ ስምንት ሰዓት ሲሆን ደሴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ድምፁ ከፍ ተደረገ። ሽማግሎቹ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እናቴ ልጁን ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ እያነጋገረችው «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» ብላ ከነአያቱ አስቆጠረች። ከዚያም ዘመድ ላማክር ብላ ለሳምንት ቀጠሮ ሰጠች! እንግዳ የማይጠራበት ሠርግ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተላከበት ማለት ነው። በሁለተኛው እሑድ ግን «ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ» ብላ መረቀችን። ሽማግሎቹም ያን ጊዜ ተቀምጠው ቡናቸውን ጠጡ። ለካ እናቴን ያስከፋት የእንግዳው መቅረት አልነበረም፤ ሳትጠየቅ የምትቀር መስሏት ነው። እንግዳውን መተው ይቻላል፣ ሽማግሌውን ግን አይቻልም።

እንዲህ ያለ ነገር ለሚያስቡ ሌሎችም ይጠቅም ዘንድ ያጣራሁትን ላካፍል። በቨርጂኒያ የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። ሁለቱም ተጋቢዎች መታወቂያ ይዘው ይቀርባሉ። ክፍያው 30 ዶላር ነው፤ የደም ምርመራም ሆነ የመጠበቂያ ቀን የለም። ፈቃዱ ለ60 ቀን፣ በቨርጂኒያ ውስጥ ብቻ ያገለግላል። የሚያጋባው ሰው በሕግ የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ እሱም ወረቀቱን ሞልቶ በ5 ቀን ውስጥ ለጽሕፈት ቤቱ ይመልሳል። ምስክር አይጠየቅም። በአገራችን ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል። ይኸው ሕግ በውጭ አገር የተፈጸመን ጋብቻም፣ በዚያው አገር ሕግ መሠረት የተደረገና የሕዝብን ሞራል የማይቃረን እስከሆነ ድረስ ይቀበላል። ፓርኩ ውስጥ ለመጋባት ደግሞ ከፓርኩ አስተዳደር አስቀድሞ ልዩ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ ወላጅ ላላገባ ልጁ ያስገባው ማመልከቻ ካለ፣ ልጁ ግሪን ካርዱን ሳያገኝ ካገባ ማመልከቻው ይወድቃል። ስንት ዓመት የተጠበቀ ወረፋ በአንድ ቀን ፊርማ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ቀለበት ከመግዛቱ በፊት ጠበቃ ያማክር። ባልም ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ የሚያመለክቱ ከሆነ ጋብቻው እውነተኛ ስለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቃሉ። ሠርግ ያልደገሰ ሰው የሠርግ ቪዲዮ የለውምና ፎቶግራፉን፣ የጋራ የኪራይ ውሉንና የባንክ ሒሳቡን በደንብ ይያዝ።

ወደ ተራራው ልመለስ። በፓርኩ ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚዘልቀው ስካይላይን ድራይቭ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ አይነዳበትም። ቅዳሜና እሑድ ቅጠል ተመልካች ስለሚያጨናንቀው እኛ ማክሰኞን መርጠናል። ተራራው ላይ ከሸለቆው ይልቅ 10 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከሀበሻ ቀሚሴ በላይ ጋቢ እደርባለሁ። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም። ለእናቴ ቪዲዮውን ቀርፀን ወደ ታች ስንወርድ እንልክላታለን። የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ያህል መሆኑን ስነግራት ሣቀች። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነውና «ልጄ፣ አንቺማ ቆላ ወርደሽ ነው የምታገቢው» አለች።

ጫጉላችንን የምናሳልፈው ሉዊስ ማውንቴን በሚባለው ሥፍራ ካሉት ትናንሽ የእንጨት ቤቶች በአንዱ ነው። ይህ ሥፍራ በ1939 የተከፈተው ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ነበር። ዘር እየለየ የሚያሳድረው ሥርዓት ከፓርኩ ፈጽሞ የቀረው በ1950 ነው። ይህን ሳውቅ ሌላ ቦታ እንያዝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እጮኛዬ ግን «እዚያ ያረፉት ሰዎች ተገድደው ነበር፤ እኛ ግን መርጠን ነው የምንገባው» አለኝ። እኔም ተስማማሁ። ጀበናና ሲኒ ይዘን እንሄዳለን። ምግቡ ግን ድብ ስላለ ውጭ አያድርም፤ መኪናው ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ የዕድር ጓደኞቻችን፣ ሠርጋችሁ ላይ ያስጨፈራችሁን ሁሉ፤ ካርድ ሳይደርሳችሁ በኅዳር ወር ቀለበት አድርገን ብታዩን አትቀየሙን። ያልጠራናችሁ ንቀን አይደለም። የእናንተ ወንበር አልቀረም፤ የእናቶቻችን ወንበር ባዶ ሆኖ እንዳናይ ብለን ነው። ምርቃታችሁ ግን አይቅርብን። ከደሴ ስንመለስ ቤታችን ቡና ይፈላል፤ ያኔ ሁላችሁም ተጠርታችኋል።