የመንዝ ገበሬ ሦስት ጎተራዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥተን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ደብረ ብርሃንን እናገኛለን። ከዚያም አልፈን፣ በጣርማ በር አጠገብ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ ወደ መንዝ ይወስደናል። አገሩ በብዙ ስፍራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው፤ ዛፉ ጥቂት፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ቤቱም በድንጋይ የተካበ ነው። ይህን ያየ እንግዳ፣ «ሕዝቡ በምን ይኖራል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የመንዝ ገበሬ ዋና እህሉ ገብስ ነው። በበልግ ዝናብ የዘራውን በሰኔና በሐምሌ፣ በክረምት የዘራውን ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል። ነገር ግን የበልጉ ዝናብ ይቀር ይሆናል፤ ያማረውንም አዝመራ በረዶ ወይም ውርጭ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ገበሬው ተስፋውን በአንድ ጎተራ ላይ ብቻ አይጥልም።

ሁለተኛው ጎተራ በግ ነው። የመንዝ በግ ብርድ ይችላል። ጠጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶችም ባናና ዝተት ይሠሩበታል። ገብስ ባነሰ ጊዜ በጉ ይሸጣል፤ በዋጋውም እህል ይሸመታል። ይሁን እንጂ በክፉ ዘመን ሁሉም በጉን ወደ ገበያ ስለሚያወጣ የበግ ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ይወደዳል።

ሦስተኛው ጎተራ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ የሚገኘው ጓሳ ነው። ጓሳ የቦታውም የሣሩም ስም ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል፤ በድርቅም ዓመት ከብቱን ያተርፋል። በጥንቱ ሥርዓት የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው፣ ሜዳውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። በተከፈተም ጊዜ አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ በዘር የተወሰነው መብት ቀረ። ከዘሩ ያልነበሩትም ተካፋዮች ሆኑ፤ ነገር ግን ጥበቃው ላላ። ቆይቶም ሕዝቡ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠለ።

እንግዲህ ወደ ደጋ አገር የሚላክ ሹም ስለ ረኃብ ሥጋት በሚመረምርበት ጊዜ፣ «ስንት ኩንታል ገብስ ገባ?» ብሎ ብቻ ጥያቄውን ሊጨርስ አይገባውም። «ስንት በግ ቀረ? ሣሩስ ተጠብቋልን?» ብሎ መጨመር አለበት። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሜዳው የተራቆተ እንደ ሆነ፣ የሚመጣው ዓመት ችግር ከወዲሁ ተዘርቷልና።