አትንካ፣ ይበላሻል!

የሳይንስ ልብወለድ ፊልም አሻንጉሊቶችን ሰብስቦ መደርደር የአሜሪካኖች ፈሊጥ ነው የሚሉ ሰዎች የሳሪስን ቡፌ ያላዩ ናቸው። መጫወቻን የልጅ እጅ ሳይነካው ከነላስቲኩ፣ ከነካርቶኑ መስታወት ውስጥ ማኖር ዛሬ በውጭው ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ገማች አለው፣ አጫራች አለው፣ አቧራ የማያስገባ ልዩ ሳጥን አለው። በእኛ ሰፈር ግን ሙያው የእናቶች ነበር። ሕጉም «አትንካ፣ ይበላሻል!» የሚል አንድ አንቀጽ ብቻ ነበረው።

ቡፌን ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ላስተዋውቅ። ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ባለመስታወት ቁም ሣጥን ነው። ውስጡ ዳንቴል ይነጠፍና ለእንግዳ ካልሆነ የማይወጣ ሲኒ፣ ማንም ጠጥቶበት የማያውቅ ብርጭቆ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የፕላስቲክ አበባ ይደረደርበታል። የቤቱ ሀብትና የዘመዱ ብዛት የሚታየው እዚያ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ነገር ሁሉ፣ ምንነቱ ቢታወቅም ባይታወቅም፣ መጀመሪያ የሚያርፈው ቡፌው ላይ ነው፤ ያለቀ የሽቶ ጠርሙስ እንኳ ሳይቀር።

እኛ ቤት ሮቦት የገባው በደርግ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ በሰው እጅ ላከችው። ደረቱ ቀይ፣ እግሩ ሰማያዊ፣ አፉ በጭምብል የተሸፈነ ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል እጅና እግሩ ሲታጠፍ ከባድ መኪና እንደሚሆን ያሳያል። ሥዕሉን አምነን ተቀበልን እንጂ አጥፈን አላየንም። እማዬ «መኪና ከሆነ በኋላ ተመልሶ ሰው ባይሆንስ?» ብላ ከሲኒዎቹ ጀርባ አቆመችው። ለጥያቄዋ መልስ ያለው ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልተገኘም።

ስሙን የሚያውቅም አልነበረም። ቤታችን ከደብረ ዘይት መንገድ ብዙ አይርቅም፤ ወደ አሰብ የሚወርዱና ከአሰብ የሚወጡ የጭነት መኪኖች ሌሊቱን ሲያጓሩ ያድራሉ። ስለዚህ ልጆች ተመካክረን «ኤንትሬው» አልነው። ፊያት ኤንትሬን የማያውቅ የዚያ ዘመን ልጅ የለም። ታሪክም አበጀንለት፤ በረሃ ላይ ሹፌሩን እንቅልፍ ሲጥለው በገዛ እግሩ ተነሥቶ መንገዱን የቀጠለ መኪና ነው። ታላቅ ወንድሜማ ጭነቱ ጨው እንደነበር ሁሉ ያውቃል።

ኦፕቲመስ ፕራይም የሚባል የሌላ ፕላኔት መሪ መሆኑን ከዓመታት በኋላ ስሰማ ቅር አለኝ። ነገሩን ስመረምረው ግን የእነሱም ታሪክ ከእኛው የተሻለ ምንጭ የለውም። አሻንጉሊቶቹን የሠራው ታካራ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ እዚያ ሳሉ ሰው የሚነዳቸው ማሽኖች እንጂ ነፍስ ያላቸው ፍጡራን አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፈቃድ ገዝቶ ወሰዳቸውና ማርቭል የተባለው የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት አሳታሚ ስምና የሕይወት ታሪክ እንዲያወጣላቸው አደረገ። ፕላስቲኩ ቀደመ፣ ተረቱ ተከተለ። የማርቭል ጸሐፊዎች ተከፍሏቸው የሠሩትን እኛ ሳሪስ ላይ በነጻ ሠርተነዋል።

የዚህ ሁሉ አባት የሚባለው ስታር ዋርስ ደግሞ በተቃራኒው ነው የመጣው፤ ተረቱ ደርሶ ፕላስቲኩ ዘገየ። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው ግንቦት 17 ቀን 1969 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲጠራ ቀኑ ሌላ ድምፅ አለው። ጊዜው የቀይ ሽብር ነበር፤ ፈረንጅ ለጠፈር ጦርነት ትኬት ለመቁረጥ ሲሰለፍ አዲስ አበባ ውስጥ የወጣ ልጅ እስኪመለስ የምትጠብቅ እናት ነበረች። ይህን የምለው ለማነጻጸር አይደለም፤ በዚያ ትውልድ ሳሎን ውስጥ ስታር ዋርስን ለምን እንደማላገኘው ራሴን ስጠይቅ የሚመጣልኝ መልስ ስለሆነ ነው።

ወደ ፕላስቲኩ ልመለስ። ሲንሲናቲ የነበረው ኬነር የተባለ አሻንጉሊት ሠሪ ፊልሙ ይህን ያህል ይወደዳል ብሎ ስላልጠበቀ ለገና የሚሸጠው አጣ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባዶ ፓኬት ሸጠ። ውስጡ ተለጣፊ ሥዕሎች፣ የካርቶን መደርደሪያና አሻንጉሊቶቹ በሚቀጥለው ዓመት በፖስታ እንደሚላኩ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ነበረበት። ላም አለኝ በሰማይ! ልብ በሉ፤ መደርደሪያው ከሚደረደረው ነገር ቀድሞ ገበያ ወጣ። አሜሪካኖቹ ቡፌውን ገዝተው ሲኒውን ሲጠብቁ ከረሙ። አራቱ አሻንጉሊቶች በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ በፖስታ ደረሱ፤ የአብዛኞቹ ቁመት አሥር ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ከዚያው ኩባንያ የወጣ ሌላ ነገር ደግሞ የእማዬን ሕግ ዓለም አቀፍ ያደርገዋል። ኬነር ቦባ ፌት የተባለውን ጭምብል ለባሽ ሰው አዳኝ ከጀርባው ሮኬት እንዲተኩስ አድርጎ ሠርቶት ነበር። ሮኬቱ ሕፃናትን ያንቃል ተብሎ ተፈራና ተኳሹ ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ። ከተረፉት ጥቂት ናሙናዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 525,000 ዶላር አወጣ። ሱቅ ያልደረሰ፣ ማንም ልጅ ያልተጫወተበት አሻንጉሊት ነው ይህን ያህል የተከፈለበት። እማዬ ብትሰማ «አላልኳችሁም?» ትል ነበር።

ሳሪስ ውስጥ ተረቱ የደረሰን በቪዲዮ ቤት በኩል ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ የፊልም ስም። ተርሚኔተርን፣ ፕሬዳተርን፣ ሮቦኮፕን ያየሁት እዚያ ነው። እንግሊዝኛው ስለማይገባን ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ልጅ ከፊት ተቀምጦ ይተነትንልናል። ስለዚህ እኔ የማውቀው ተርሚኔተር ጄምስ ካሜሮን ከሠራው ትንሽ ይለያል፤ በእኛው ቅጂ አርኖልድ የመጣው ከወደፊቱ ዘመን ሳይሆን ከሩሲያ ነው። ችግር የተፈጠረው መጨረሻው ላይ ነው። አክተር አይሞትም፤ ይህ የቪዲዮ ቤት ሀሁ ነው። አርኖልድ ግን ማሽን ውስጥ ተጨፍልቆ ሞተ። አርኖልድ ሞቷል፣ አርኖልድ ደግሞ አክተር ነው፤ ሁለቱን ማስታረቅ ያልቻሉ ልጆች ለብዙ ቀን ተኮራርፈዋል።

አሁን የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። የእማዬን ቡፌ ይዤው መጣሁ፤ በደረጃው ለማሳለፍ መስታወቱን ማውለቅ ነበረብን። ሲኒዎቹን ባለቤቴ ወደ ኩሽና ወሰደቻቸው፤ ዛሬ ይጠጣባቸዋል። ቦታቸውን ሮቦት፣ ኤሊያንና የጠፈር ወታደር ያዘው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ «የልጆቹ ነው» ትላለች፤ ልጆቹ ደግሞ «የአባዬ ነው» ብለው ያጋልጡኛል።

ከዳያስፖራ ሻንጣ የሚገኝ አንዳንድ ነገር አለ፤ ቦሌ ያሉ ሱቆችም አዲስ አዲሱን ይሸጣሉ፣ ከነአዲሱ ዋጋ። የእኔ ዋና አቅራቢ ግን ልዋጭ ነው። ሌላው ሰው አሮጌ ልብስና ጫማ ሰጥቶ ባልዲ ወይም ጆግ ይወስዳል። ከለቡና ከመካኒሳ ግቢዎች ከአሮጌው ልብስ ጋር ልጆች አድገው የተዉአቸው አሻንጉሊቶችም አብረው ይወጣሉ፤ እኔ ሸሚዝ ሰጥቼ እነሱን እወስዳለሁ። ባለቤቴ ሸሚዝ አልቆ ባልዲ ያልተገዛበት ቤት የእኛ ብቻ ነው ትላለች። ትክክል ናት።

አብዛኞቹ እጅ ወይም እግር ይጎድላቸዋል። ይህን እንደ ነውር አላየውም። ሶፊያ የተባለችው ዝነኛ ሮቦት እንኳ፣ ሶፍትዌሯ በከፊል እዚሁ አዲስ አበባ በአይኮግ ላብስ የተሠራው፣ በሰኔ 2010 ስትመጣ የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ቀርቶ ጋዜጣዊ መግለጫዋ ተሰርዟል። በቆሻሻ መጀመርም አያሳፍርም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን አሻንጉሊት ሥራ እንደገና ነፍስ የዘራው ኮሱጌ የተባለ ሰው የአሜሪካ ወታደሮች የጣሉትን የምግብ ቆርቆሮ ሰብስቦ ትንንሽ ጂፖች ሲሠራ ነው። በኋላ ዓለምን ያጥለቀለቁት የቆርቆሮ ሮቦቶች የዚያው ሙያ ልጆች ናቸው። ኮሱጌ መርካቶ ቢወለድ ኖሮ ምናለሽ ተራ ነበር የምናገኘው።

የተጣለ አሻንጉሊት እንዴት ክብር እንደሚያገኝ ከሁሉ በላይ የተረዳው ግን አንድ ስፔናዊ ነው። ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገራችን በአማርኛ የሠራው ክራምብስ የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም ፌስቲቫል ታየ፤ ርዝመቱ 68 ደቂቃ ነው። ዓለም ካለፈች በኋላ ያለ ዘመን ነው። ሰማዩ ላይ የዛገች ግዙፍ መንኮራኩር ተንሳፍፋ ቆማለች። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቷቸው ባልና ሚስት ሰው በሌለበት አሮጌ ቦውሊንግ ቤት ይኖራሉ። ዳንኤል መጀመሪያ የሚታየን ዳሎል ላይ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ይዞ ነው። ከዚያ ዕቃ የሚገመትበት ሱቅ አለ፤ እዚያ የኒንጃ ኤሊ አሻንጉሊት እንደ ጽላት በክብር ይያዛል፣ የማይክል ጃክሰን ሸክላ ውድ ቅርስ ነው። ባለሱቁ የእያንዳንዱን ዕቃ ምንጭ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይናገራል፤ የሚናገረው ሁሉ ፈጠራ ነው።

ፊልሙ ዝግ ይላል፤ አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ ግማሹን ተኝቶበታል። ሳሪስ ያደገ ሰው ግን ያንን ሱቅ ሲያይ የሳይንስ ልብወለዱ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠፋዋል። ዕቃው ይመጣል፣ ታሪኩ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ታሪክ የሌለው ዕቃ ደግሞ ቡፌ ላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ የደረሰው ሰው ያበጅለታል። ወንድሜ ለኤንትሬው ጨው የጫነለት በዚሁ ሕግ ነው።

ልዋጩም ሕጉ ገብቶታል። ድሮ አሻንጉሊቶቹን ከጆንያው ሥር ይወረውርልኝ ነበር። ሰሞኑን ግን ሮቦኮፕን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ይዞት መጣ። ራስ የለውም።

«ጋሼ፣ ይሄ እንደነዚያ አይደለም። የአሜሪካ ፖሊስ ነው፤ ጦርነት ላይ ነው የተጎዳው።»

«ራሱስ የታለ?»

«እሱን እዚያው ቀበሩት።»

ሸሚዝ አሳየሁት፤ አላየውም። ሱሪ ጨመርኩ፤ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እግሬ ተመለከተ።

«ጫማው ስንት ቁጥር ነው?»