እጅህን ሰብስብ!

በወለጋ ከተሞች ያደግን ልጆች ከፊደል አስቀድመን ያጠናነው ትእዛዝ «እጅህን ሰብስብ!» የሚለው ነው። እንግዳ ቤት ስንገባ፣ ሱቅ ደጃፍ ስንቆም፣ ኋላም ነቀምቴ ሙዚየም ውስጥ ተሰልፈን ስንዞር ያው ቃል ነበር። በሙዚየሙ አንፈርድም፤ የጥንት ዕቃ አንዴ ከተሰበረ ተመልሶ አይገኝም። የሚገርመን ይኸው ትእዛዝ ፊዚክስ ክፍል ድረስ ተከትሎን መግባቱ ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በተማርንበት ትምህርት ቤት ሌንሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ብርሃን እንዴት እንደሚሰበር በጠመኔ ተሥሎ አየን፤ ገለበጥን፤ ተፈተንን። ታላላቆቻችን ደግሞ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ያነሣሉ፤ ሙከራውን ሩቅ ያለ ሰው ይሠራል፣ እነሱ ያያሉ። ከዚያ «ናቹራል ወይስ ሶሻል?» ይመጣል። እኛ ሶሻል አልን። ቋንቋና ታሪክ መማራችንን አንጠላውም፤ ግን ያልቀመሱትን ወጥ አልፈልግም ማለት ምርጫ ነው እንዴ?

በዚህ ነገር የተጨነቀ አንድ ሰው ነበር። ፍራንክ ኦፐንሃይመር ይባላል፤ በአቶም ቦምብ ስሙ የሚነሣው የሮበርት ታናሽ ወንድም ነው። በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርስቲ ሥራው ተገፍቶ ወጥቶ ኮሎራዶ ውስጥ ከብት አረባ፤ ቀጥሎም በአንዲት ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን ሙዚየም ከፈተ። እዚያ ዕቃው የተቀመጠው እንዲነካ ነው። እናትና አባት ከልጃቸው ጋር መስተዋቱን ያዞራሉ፣ ፔንዱለሙን ይገፋሉ፤ አንድ ነገር ሲለውጡ ምን እንደሚከተል ራሳቸው ያያሉ። አስረጂ ሆነው የሚቆሙትም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከሁሉ ደስ ያለን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የዕቃዎቹን አሠራር ልክ እንደ ወጥ አሠራር ጽፈው ማሳተማቸው ነው፤ ሌላውም ሠርቶ ይጠቀም ብለው።

በእኛም አገር በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል። እሰየው ነው። ነገር ግን ነቀምቴ ከዚያ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ደምቢዶሎማ ከ600 በላይ። ደግሞስ ስክሪን መንካት መንካት ነው? ጣት መስታወት ላይ ሲንሸራተት ክብደት አያውቅም፣ ሙቀት አያውቅም። (እንደ ሽማግሌ ተናገርን መሰለን፤ ይሁን!)

የሚነካ ሳይንስ እኮ ቤታችን ሞልቷል። የቆርቆሮ ጣሪያን ምስማር ሲበሳው ወለሉ ላይ ክብ ብርሃን ይወድቃል። ቀዳዳው አራት ማዕዘን ቢሆንም ብርሃኑ ክብ ነው። ለምን ቢሉ፣ ያ ክብ የፀሐይ ምስል ነው! ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በወለጋ ሲያልፍ፣ ሰማዩ በተገለጠበት ሁሉ ያ ክብ ቀለበት ይሆን ነበር። «ወደ ላይ እንዳታዩ» ተባለ፤ ትክክል ነው። የተበሳ ካርቶን ይዞ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ማየት እንደሚቻል ግን ስንቱ ልጅ ተነገረው?

ውሃንም እንውሰድ። መጽሐፋችን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። እናቶቻችን ባቄላው እንደሚዘገይ ያውቃሉ፤ መጽሐፉ አያውቅም። አንድ ቴርሞሜትር ድስቱ ውስጥ ቢነከር ልጁ ከመጽሐፉ ጋር ሙግት ይገጥም ነበር።

የነጆ ወርቅ አጣቢስ? ወርቅ ከአሸዋ ሰባት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ውሃው አሸዋውን ሲወስድ እሱ ሥር ይቀራል። ለልጆች በወርቅ ፋንታ ከጋራዥ የተለቀመ የብረት ብናኝ፣ አሸዋና አንድ ገንዳ ውሃ ይበቃል።

የምንጠይቀው እንግዲህ ጉልላት ያለው ሕንፃ አይደለም፤ ነቀምቴ ላይ አንድ ክፍል ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ ልጁን ይዞ የሚገባበት። አናጢና በያጅ ከከተማው አይጠፋም። ማብራሪያውን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እኛ እንጽፋለን፤ ይህስ የሶሻል ሥራ ነው። ለሚሰበረው መስተዋትና ለሚጠፋው ቴርሞሜትር ደግሞ ከወዲሁ በጀት ይያዝ።